አባዬ ያላስተማረኝ ሒሳብ

አባዬ ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ሲያስተምር የሰፈራችን ልጆች ግማሹ በእጁ አልፈዋል። እኔ ግን አላለፍኩም። የትምህርት ቤቱ ሕግ ነዋ! የመምህር ልጅ ወላጇ የሚያስተምርበት ክፍል አትመደብም፤ ያዳላል ይባላላ። እሱ ሰባተኛ «ሀ»ን ያዘ፣ እኔን «ለ» ወረወሩኝ። በመሀላችን አንድ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ብቻ ነበር።

ወይ የዚያ ግድግዳ ነገር! የእኛ መምህር ጀርባውን ሰጥቶን ከመጽሐፉ ወደ ሰሌዳው ይገለብጣል፣ እኛ ከሰሌዳው ወደ ደብተር እንገለብጣለን። ለምን ብሎ የጠየቀ ወዮለት። ከማዶ ግን አባዬ አንድ ነገር ይላል፣ ጸጥ ይላሉ፤ ትንሽ ይጨምርበታል፣ ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። ደወል ሲደወል የ«ሀ» ልጆች እየተከራከሩ ይወጣሉ። ስለ ምን? ስለ ክፍልፋይ! ሰው በክፍልፋይ ሲጣላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በቅናት ቆሽቴ ያርር ነበር።

ቤት ሲገባ ያ ሰውዬ የለም። ጫማውን ያወልቅና አንድ ክምር ደብተር ፊቱ ዘርግቶ በቀይ እስክሪብቶ ሲያርም ያመሻል። «አባዬ፣ ለእኔም አስረዳኝ» ስለው ጉሮሮውን ይዞ፣ «ድምፄ አለቀ ልጄ፣ ነገ» ይለኛል። ያ ነገ ሳይመጣ እኔ ትምህርቴን ጨረስኩ፣ እሱም ጡረታ ወጣ። አሁን የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው፤ አርባ ዓመቴን ልደፍን ነው። አንድ ቀን እንኳ እዚያ ክፍል ተቀምጬ በሰማሁት የሚለው ምኞት ግን እስካሁን አልወጣልኝም። አትሳቁብኝ።

ባለፈው ሰኞ አንድ ጎልማሳ ካርድ ሊያወጣ መጣ። ባጄ ላይ የአባቴን ስም አነበበና ዓይኑ በራ።

«እንዴ! የቲቸር ልጅ ነሽ? የውኃ ታንከሩን በገመድ የለካሽው አንቺ ነሽ በይኛ!»

«የቱን ታንከር?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባትሽ ጋር ዳቦ ቤት ሄደሽ፣ ሲሶውን መንገድ ላይ በልተሽ የምትገቢው! እኛ እኮ ክፍልፋዩንም የክብ ዙሪያውንም ባንቺ ነው የተማርነው። እኔማ ቀንቼ አባቴን ታንከር እንለካ ብለው በኩርኩም ነው ያለኝ!»

ሳቅኩለት፤ ምን ላድርግ። እኔ ታንከር ለክቼ አላውቅም። ዳቦ ቤትም አብረን ሄደን አናውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ አባዬ ደብተር ያርማል።

ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ እሱ ጋ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰላም እንኳ ሳልለው፣ «ታንከሩን፣ ዳቦ ቤቱን፣ ይሄን ሁሉ ከየት አመጣኸው?» ብዬ አፋጠጥኩት።

መጀመሪያ በሳቅ ሊያልፈው ሞከረ። «ምን ላድርግ? መጽሐፉ የሚያወራው አይተውት ስለማያውቁት መርከብ ነው። ያንቀላፋሉ። አንድ ቀን ‹ልጄ ትናንት› ብዬ ስጀምር ሁሉም ቀና አሉ። የቤት ነገር ሲሆን ይገባቸዋል፤ እነሱም ስለ ቤታቸው ያወራሉ።»

«አብረን አላደረግነውማ!»

ሳቁ ጠፋ። «መንገድ ላይ እያሰብኩ ነበር የምሄደው» አለኝ። «ዛሬ ልጄን ወዴት ልውሰዳት፣ ምን ላሳያት እያልኩ። እኔ ልሙት፣ ማታ ስገባ ካንቺ ጋር የዋልኩ ይመስለኝ ነበር።»

ልጣላው ነበር የሄድኩት። አቃተኝ፤ ሆድ ባሰኝ።

«እኔ እኮ እዚሁ ቤት ነበርኩ፣ አባዬ» አልኩት።

እጄን ያዘኝ፤ እስኪመሽ አልለቀቀኝም።