በጭቃ የተለበጠው መጋጠሚያ

«አንቺ የምታውቂው ደብተር ነው፤ ብረት አታውቂም። ያልኩሽን ጻፊ፣ ፈርሚ፣ በቃ!»

ፎርማኑ ይህን ፊት ለፊት ሲለኝ ሠራተኛው ሁሉ ይሰማ ነበር። ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ወረታ ከተመለስኩ አራት ወሬ ነው፤ ለአዲሱ የኑግ ዘይት መጭመቂያ የፍተሻ መዝገብ እይዛለሁ። ከቦይለሩ የተዘረጋው ቧንቧ እንፋሎት ሳይለቀቅበት አየር ይሞላና መለኪያው ይታያል። መርፌው ካልወረደ ደኅና ነው። ያን ቀን ወረደ።

«ከየት እንደሆነማ ይታወቃል» አለ ፎርማኑ፣ በአገጩ በያጁን እያሳየ።

በያጁ ከይፋግ ወዲያ ካለ መንደር የመጣ የቀጥቃጭ ልጅ ነው። ምሳውን ብቻውን ይበላል። እኔም አፌን ሞልቼ ተማርኩ እያልኩ፣ ከእሱ ጣሳ ውሃ ጠጥቼ አላውቅም። አንድ ብየዳው ካፈሰሰ ወደ አባቱ ወናፍ እንደሚመለስ ተነግሮታል።

ሳሙና ስላለቀ እንዶድ ወቅጬ አረፋውን በየመጋጠሚያው በብሩሽ መቀባት ጀመርኩ። የሚያፈስ ካለ አረፋው ይነፋል። በያጁ ባልዲውን ይዞ ይከተለኛል፤ እኔ በቀባሁ ቁጥር ትንፋሹን ይይዛል። ከእሱ ብየዳ በአንዱም ላይ አልተነፋም።

«እንዶዱም ፈርቶት ነው!» አለ አንዱ ሠራተኛ። ሳቁ። «የቀጥቃጭ ዓይን ብረት አይበላም ያለሽ ማነው?»

«ብረት እንኳ የሚበላ ከሆነ አንተን እስካሁን ለምን ተወህ?» አልኩት።

አንድ ቦታ ቀርቶ ነበር። የፎርማኑ የሚስት ወንድም ያሰረው መጋጠሚያ ሳይፈተሽ በጆንያና በጭቃ ተለብጧል። ፎርማኑ «ያ የኛ ሰው ሥራ ነው» ብሎ አሳልፎታል። ከሥሩ ደግሞ ኑግ የሚያበጥሩ ሴቶች ይቀመጣሉ። ቢላዋ አምጥቼ ጆንያውን ቀደድኩና ቀባሁት። አረፋው ተነፋ፣ ፈነዳ፣ እንደገና ተነፋ። አሁን የሳቀ የለም።

በያጁ ጠጋ ብሎ «እህቴ፣ አትጻፊው» አለኝ። «እነሱን ካዋረድሽ እኔን እዚህ አያኖሩኝም።»

«እንፋሎቱ ሴቶቹ ላይ ቢፈነዳስ?»

ባልዲውን አስቀመጠ። ጻፍኩ።

በማግስቱ የመጭመቂያው ባለቤት መዝገቡን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«እውነትሽን ነው ልጄ። መጋጠሚያው ይፈታና እንደገና ይታሰር። በያጁን ግን አሰናብተዋለሁ። ሠራተኛው ከሱ ጋር አንሠራም ብሏል።»

«ጥፋቱ ምንድን ነው?»

«ጥፋት አለበት አላልኩም።»

«እንዲያ ከሆነ ጥፋቱ የርስዎ ነው።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «አፍሽን ያዥ። ፈርሚና ወደ ሥራሽ ሂጂ።»

የጻፍኩት እውነት ስለነበር ፈረምኩ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ወደ ሥራዬ ግን አልተመለስኩም፤ በጓሮ በር ወጣሁ፤ በያጁ ግንብ ሥር ተቀምጦ መሣሪያውን በጨርቅ ይጠቀልል ነበር፤ ቀና አላለም። ወደ መንገዱ መገንጠያ ሄድኩና ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ የጭነት መኪና አስቁሜ ተሳፈርኩ።