ከጎማው ሥር የነበረችው እሾህ

ፊደል የቆጠርሁት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ማሳመር አላውቅበትም፤ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ላይ በታንኳ እንጨት አመላልስ ነበር። አንድ ክረምት የሚስቴ አንጀት ተቋጠረና ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፋ። ቀዶ ጥገና የሚያውቀውን ሐኪም ጦር ግንባር ወስደውታል፤ ለእኛማ ምን ደግ ነገር ይተዉልናል! የቀረው ሐኪም፣ «ዛሬውኑ አዲስ አበባ ካልደረሰች አትተርፍም» አለኝ። ደግነቱ የእርዳታ ሰዎች ያመጣች ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ አድራ ነበር። ስንለምናቸው እሺ አሉ።

በቃሬዛ አምጥተን ጫንናት። አንድ ካድሬም ስብሰባ አለኝ ብሎ ወንበር ይዟል። አብራሪው ግን አልገባም። ክንፏን ይደባብሳል፤ ተንበርክኮ እግሯን ያያል።

«ምን ያገላብጣታል? በሬ ሊገዛ ነው?» አልሁ፣ ድምፄን ሳልቀንስ።

«ጓድ! ትናንት በደኅና አርፋ የለም ወይ? እንሂድ እንጂ!» ብሎ ካድሬው ከውስጥ ጮኸ። በዕድሜዬ ከካድሬ ጋር የተስማማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

አብራሪው ከጎማው አጠገብ የግራር ቅርንጫፍ አነሣ። «ይኼ ምንድን ነው?»

«አጥር ነው ጌታዬ» አሉ የሜዳው ሽማግሌ ዘበኛ። «ጅብ ጎማ ይወዳል። ማታ እንደ ጥጃ በእሾህ አጥራታለሁ፤ ጧት አነሣዋለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ። እስቲ ግፉልኝ፤ ጎማው የተኛበትን ልየው።»

«ሚስቴ እየሞተች ነው፣ አንተ ሰው!»

«ስለዚህ ነዋ! ግፋ!»

እየተራገምሁ ገፋሁ። ጎማው ሲዞር ከሥሩ የነበረው ወደ ላይ መጣ። የግራር እሾህ እስከ ቂጡ ተሰክቶበታል።

«ስንነሣ ምንም ላይል ይችላል» አለ አብራሪው። «ስናርፍ ነው የሚፈነዳው። ያን ጊዜ እግሯ ይከዳል፤ ክንፏ መሬት ይይዛል።»

ዘበኛው አማተቡ። ካድሬው ሳይጠሩት ወረደ። መለዋወጫ ጎማ ስለነበረ አብራሪው በክሪክ አንሥቶ ለወጠው፤ እኔ ብሎን አቀብላለሁ፣ ካድሬው በጥሩ ሱሪው ጭቃ ላይ ተንበርክኮ አየር ይነፋል። ሚስቴ ባቃሰተች ቁጥር «ፍጠኑ!» እያልሁ እጮኻለሁ።

አዲስ አበባ መሬት ስንነካ ዓይኔን ጨፈንሁ። ጎማው አንዴ ጮኸ። ከዚያ ዝም ብሎ ተንከባለለ፣ ተንከባለለና ቆመ። ሳይመሽ ሐኪሞቹ ቀደዷት፤ ተረፈች።

እኔ ማንንም የማመሰግን ሰው አይደለሁም። ያን አብራሪ ግን እስከ ዛሬ እመርቀዋለሁ። ሚስቴማ ወሬውን ከሰማች ወዲህ ታንኳ ላስነሣ ስል ከኋላዬ አትጠፋም፦ «ሥሩን ገልብጠህ አየኸው?»

አይቼዋለሁ ብላትም አታምነኝም፤ ራሷ መጥታ ታየዋለች። ትጨቅጭቀኝ። የምትጨቀጭቀኝ አለችኝ።