የሙሉሰው የእንግሊዝ ልጆች

ሙሉሰው ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 1 የሚባለው ሰፈር ውስጥ ባለችው ጠባብ ሱቁ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ፍላሽ ላይ ዘፈን ይጭናል። ሥራህ ዘፈን መጫን ነው ካላችሁት ግን ይቀየማል። እሱ የሚጭነው መንገድ ነው፤ ከጅቡቲ ሲወጡ ለስለስ ያለ፣ ከጋላፊ ኬላ እስከ ሚሌ ባለው በረሃ እንቅልፍ የሚያባርር፣ አዋሽን ሲያልፉ ቤት ቤት የሚያሰኝ። ራሱ መኪና መንዳት አይችልም። ይህን ያነሳበት ሰው ለሳምንት ሰላምታ አያገኝም።

ሚስቱ የውብዳር ካረፈች ወዲህ የአማርኛ ዘፈን ለሰው ይጭናል እንጂ ቁጭ ብሎ አይሰማም። እሷ አብራ ያላዜመችው ዘፈን የለማ። ጎረቤቱ ኢማድ፣ ስልክ ጠጋኙ፣ እንግሊዝ ያለ የአክስቱ ልጅ የላከለትን አልበም ያሰማው በዚህ መሃል ነው። "ስሎው ፌሪ" የሚባሉ አራት ወጣቶች የመጀመሪያ ሥራ ነበር። ጊታሩ ይጮኻል፣ ዘፋኙም ይጮኻል፤ ሙሉሰው አንድ ቃል አልገባውም። የውብዳር የሌለችበት ዘፈን አገኘ። በሳምንቱ ስለ ጊታር የማያውቀው ነገር አልነበረም።

የሚያዋራው ሰው ግን አጣ። ኢማድ እንደሆነ አንዴ ሰምቶ በቅቶታል። ስለዚህ በነባር ደንበኛው በጫላቸው ፍላሽ ላይ፣ ሳይነግረው፣ አልበሙን እንዳለ ከጋላፊ እስከ ሚሌ ባለው ቦታ አስገባው። ጫላቸው ከወደደው የሚያዋራው ሰው አገኘ፤ ከጠላው ደግሞ ደንበኛውንም አጣ።

መኪና የማይነዳ ሰው ነውና የኬላውን ሰልፍ አላሰበውም። ጋላፊ ላይ መኪናው ቆመ፤ አልበሙ ግን አልቆመም። የጫላቸው ቴፕ ደግሞ ዘፈን ማሳለፊያ ቁልፉ ከተሰበረ ቆይቷል።

"ጋሽ ሙሉሰው፣ ምን በደልኩዎ?" አለ ጫላቸው ሲመለስ፣ ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ።

"ምን ሆንክ?"

"ሰልፉ በሙሉ 'እንግሊዙ' ሲለኝ ዋለ። አንዱማ ሞተሬ የተበላሸ መስሎት ወርዶ አየልኝ።"

ሙሉሰው ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረ። "ላጥፋልህ።"

"ያጥፉት። ሰባተኛውን ግን ይተዉልኝ።"

ሙሉሰው ቀና አለ። "ጊታሩ ብቻውን የሚገባበትን?"

"እሱን አላውቅም። እሱ ሲጀምር ነው ሰልፉ የተንቀሳቀሰው። ከኋላዬ የነበረው ሾፌር፣ ጎሳዬም ይጫንልኝ ብሏል።"

ሙሉሰው ከነቀፌታው ይልቅ ምስጋናው አመመው። ያ ሁሉ ጊታር ለኬላ ሰልፍ ማስለቀቂያ?

"ብቻውን አይሆንም" አለ ኮስተር ብሎ። "ስድስተኛውን ተከትሎ ካልመጣ ጣዕም የለውም።"

"ስድስተኛው ሰልፉን ቢያቆምብኝስ?"

"ስድስተኛው አጭር ነው።"

ጫላቸው ትንሽ አመነታና በርጩማውን ስቦ ተቀመጠ። "እስቲ ያሰሙኝ። ብቻ አያብራሩልኝ።"

"አላብራራም" አለ ሙሉሰው፤ ስድስተኛውን ከፍቶ ድምፁን ጨመረ። እስከ ስድስተኛው ዘፈን እኩሌታ ድረስም ቃሉን ጠበቀ።