መርዶ ይዞ ወደ አርጆ

ሚስቴ ጫልቱ በወሊድ ሞታ አዲስ አበባ ቀበርናት። አርጆ ለሚኖሩት እናቷ፣ ለአዮ፣ መርዶውን የማደርሰው እኔ ነበርኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር በፖስታ ቤት ቴሌግራም አይነገርም። ክረምቱ እንደ ገባ በአውቶቡስ ተነሣሁ።

ከአምቦ ወዲያ መንገዱ ጭቃ ነው። ባኮ ላይ መኪናው ተቀርቅሮ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ገፋ። አጠገቤ የተቀመጡ ነጋዴ፣ “ለምን ጉዳይ ነው?” ቢሉኝ፣ “ለዘመድ ጥየቃ” አልኩ። ለአዮ የምነግራቸውን ቃል በልቤ ስደረድር ይፈርስብኛል።

ነቀምቴ

ያደርኩት ሱኒል ቤት ነው። ሱኒል የሲሎን ሰው፣ የቡድሃ እምነት ተከታይ ነው፤ ዱሮ አብረን አስተምረናል፤ አሁን እዚህ ሒሳብ ያስተምራል። የተቀቀለ የአንጮቴ ሥር በቅቤ አቀረበልኝ። ሳልቀምሰው ገፋሁት።

“ጠዋት ጠዋት ዓይንህን ጨፍነህ የምትቀመጠውን አስተምረኝ” አልኩት። “ሐሳቤ ይርጋልኝ።”

ሰሌን ላይ ተቀመጥን፤ ትንፋሼን ብቻ እንድከታተል ነገረኝ። ትንፋሼን ስከታተል ጫልቱ በሐሳቤ መጣች፤ አባረርኳት፤ ተመለሰች። ጥርሴን ነክሼ ታገልኩ፤ ላብ አጠመቀኝ።

“ትንፋሽህን ልታንቀው ነው እንዴ?” አለኝ ሱኒል። “ትንፋሽ ሳትጎትተው ይመጣል። ሐዘንም ይምጣ፣ ይሂድ። አንተ ዝም ብለህ እየው። ልብ በጉልበት አይረጋም።”

አልገባኝም። ተናድጄ ተነሣሁ።

አርጆ

በጭነት መኪና አርጆ ገብቼ የጫልቱ አጎት ኦቦ ኢታና ዘንድ አደርኩ። ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች ይዘን ወደ አዮ ቤት ሄድን።

“እኔ ልንገራት?” አሉኝ ኦቦ ኢታና።

“የለም፣ እኔው።”

አዮ በሩን ከፈቱ። “አካም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ? ደህና ነህ ልጄ? ጫልቱስ? ወለደችልኝ?” ከኋላዬ የቆሙትን ሽማግሌዎች ሲያዩ የበሩን መቃን ያዙ።

የደረደርኩት ቃል ሁሉ ጠፋ። መፈለጉንም ተውኩት። ትንፋሼ ገባ፣ ወጣ፤ ማንም አላዘዘውም። ከጣራው የሚንጠባጠበው ዝናብ፣ የአዮ ዓይን፣ የራሴ ሐዘን፣ ሁሉም እዚያው ነበር። ልቤ ግን ሳልይዘው ረግቶ ነበር።

“አዮ፣ ጫልቱ ሞተችብን። ሕፃኑም አልተረፈም።”

“ልጄን የት ጣልክብኝ?” እያሉ ደረቴን ደበደቡኝ። አልሸሸሁም፤ ምክንያትም አልሰጠሁም። ሲደክማቸው ክንዴ ላይ ወደቁ።

ለቅሶተኛው ሲሳሳ አዮ፣ “አንተስ ከማን ጋር አለቀስክ?” አሉኝ። ያኔ አለቀስኩ።

አዲስ አበባ

ቤቴ እንደ ተውኩት ነው። ልብ ከረጋ ሐዘን የሚለቀኝ መስሎኝ ነበር፤ አይለቅም። ጫልቱ ያዘጋጀቻቸውን የሕፃን ልብሶች ከአልጋው አንሥቼ እያለቀስኩ አጠፍኳቸው። ሳልቸኩል አንድ በአንድ ሳጥን ውስጥ ደረደርኳቸው።