የአዱኛ እግርና ነጩ ጀለቢያ

ከገለጉ እስከ አብርሃ ጅራ፣ ሞተር ሲያስነጥስ ከሩቅ ሰምቶ በሽታውን የሚናገር ሰው ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ወደ እኔ ቤት ይጠቁሟችኋል። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ፊደልን ከዘይት ጣሳ ላይ ለቀምሁ፤ ትራክተርን ከራሱ ከትራክተሩ ተማርሁ። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመመካትም ነው፤ እውነት ከሆነ ምን ነውር አለው?

ሰሞኑን ሰላማዊት የምትባል የአንድ እርሻ ኃላፊ መተማ ቤቴ ድረስ መጣች። አዲስ የሞተር መጋዝ ገዝተዋል። "አባባ፣ ሁለቱ ሠራተኞቼ እንችላለን ይላሉ። እኔ ግን ሳላረጋግጥ አላስይዛቸውም። እርስዎ ይፈትኑልኝ" አለችኝ። ልቤ ሞቀ። ሣጥኔን ከፍቼ ያረጀ ነጭ ጀለቢያ አወጣሁ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"መፈተኛዬ ነው፤ ቁጭ በይ" አልኋትና የወጣትነቴን ነገር አጫወትኋት።

ያን ጊዜ ገለጉ በረሃ ውስጥ የጋሼ ደምሴ እርሻ መካኒክ ነበርሁ። መኸር ነው፤ አየሩ ሁሉ ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸታል። የማሽላ እንጀራችንን በደረቅ ባሚያ ወጥ፣ በወይካ፣ በልተን ላባችን ሳይደርቅ ወደ ሥራ እንመለሳለን። ሰሊጡ ተወቅቶ በጆንያ ሜዳ ላይ ተቆልሎ ሳለ ያልታሰበ ዐውሎ ነፋስ መጣና የወይባ ዛፎችን ገንድሶ የመኪናውን መንገድ ዘጋው። ከሥር ደግሞ ምስጥ ጆንያውን መቅመስ ጀምሯል። ጋሼ ደምሴ እንቅልፍ አጡ።

ድንበር ላይ የሚነግዱት ሐጂ ኢድሪስ የሞተር መጋዝ በግመል አስጭነው ደረሱላቸው። ጋሼም ለአጨዳ ከጎጃም የመጣውን አዱኛን ጠሩት። ምሳር ሲይዝ ዛፉ ራሱ የሚፈራው ሰው ነበር።

"በል ጀምር!" አሉት።

አዱኛ የግራ እግሩን ግንዱ ላይ አሳረፈና መጋዙን አነሳ። ደጋ ላይ እንጨት የፈለጠ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ግንዱን በእግሩ ረግጦ ይዞ በምሳር ይለዋል። እኔ ግን ድንበር ማዶ ከእንጨት ቆራጮች ጋር አንድ በጋ ስሠራ፣ ይህችው ልማድ የአንዱን ጫማ አፍንጫ ስትወስድ አይቻለሁ። ጣቱን ያተረፈው ጫማው ሰፊ መሆኑ ብቻ ነው። ሮጥሁና ሞተሩን በብልጭታ የሚያስነሳውን ካንዴላ ፈትቼ ኪሴ ከተትሁት።

"ምን ሆነሃል አንተ?" አሉ ጋሼ።

"ማን አሠለጠነው?"

ጋሼ ሐጂን አዩ። ሐጂ እጃቸውን አወናጨፉ። "ወላሂ እኔ ነጋዴ ነኝ! ቢላዋ የሸጠ ሰው ሥጋ መክተፍ ያስተምራል እንዴ?"

ጋሼ ወደ አዱኛ ዞሩ። "ኧረ እኔ ጡት ስጥል ነው ምሳር የጨበጥሁ!" አለ አዱኛ።

"ምሳር መልሶ አይናከስም" አልሁ። "ጋሼ፣ መጋዙን እጁ ላይ የሚያስይዙት እርስዎ ነዎት። እግሩ ቢቆረጥ ተጠያቂውም እርስዎ ነዎት።"

"ካንዴላውን አምጣ፤ አለዚያ ከእርሻዬ ውጣ!"

"እወጣለሁ። ካንዴላው ግን አብሮኝ ይወጣል።"

ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ጆንያውን አዩ፣ ኪሴን አዩ፣ ተነፈሱ። "እሺ፣ ምን ይደረግ?"

ከሐጂ ጓዝ ነጭ ጀለቢያ ለመንሁ። የመጋዙን ረጅም ብረት ከነሰንሰለቱ በውሃ በታሸ ከሰል ቀባሁት። "አዱኛ፣ ጀለቢያውን ልበስ። ሞተሩ ሳይነሳ እንደምትቆርጥ ሁነህ አሳየኝ። ነጭ ሆነህ ከወጣህ ካንዴላው ያንተ ነው። ያቆሸሸ ያጥባል።"

አዱኛ ሙሽራ መስሎ እየተጀነነ ግንዶቹ መሐል ገባ። ሲወጣ ከጉልበቱ በታች ጥቁር መስመር ተጋድሟል።

"ምንድን ናት ይቺ?" አልሁት።

"ከሰል ናታ!"

"ሞተሩ ተነስቶ ቢሆንስ?"

ወደ እግሩ አጎነበሰ። ቀስ ብሎ፣ "እግሬ ነበረች!" አለና እግሩን እንደ ጠፋ ልጅ አቀፈው።

ጋሼ ደምሴ በሳቅ ፈነዱ። "አምጣ፣ እኔ ላሳይህ!" ብለው ለበሱ። እርሳቸው ጭናቸው ላይ ተቀቡ። ባለ እርሻው ወንዝ ዳር ተቀምጠው ጀለቢያ ሲያጥቡ ያየ ሠራተኛ እስከ ዛሬ ሳያወራ አይቀርም። ደግነቱ የቆላ ፀሐይ እርጥብ ጨርቅ አያቆይም፤ አንዱ አጥቦ ሳይጨርስ ሌላው ተራ ይይዛል። እኔ እጮሃለሁ፦ በሁለት እጅ ያዝ! እግርህን አርቅ! የመጋዙን ጫፍ እንጨት አታስነካ! ግንዱ ወዴት እንደተወጠረ ሳታይ አትጀምር!

በማግሥቱ አዱኛ እንደ ጥምቀት ልብስ ነጭ ሆኖ ወጣ። ካንዴላውን በሁለት እጄ ሰጠሁት። ግንዶቹ እየተቆረጡ ከመንገድ ተንከባለሉ፤ የመጀመሪያው መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ሲገባ አዱኛ አቧራ እያስነሳ ጨፈረ። ጋሼም "ካለ እሱ ፈቃድ መጋዝ የሚነካ የለም" ብለው ወደ እኔ እየጠቆሙ አወጁ።

እንግዲህ ያደረግሁትን ልቁጠርላችሁ። መንገድ አስከፈትሁ። ሰሊጥ ከምስጥ አፍ አስጣልሁ። ባለ እርሻን ልብስ አሳጠብሁ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቆላ መጋዝ የያዘውን ሁሉ በዚያው ጨርቅ ፈተንሁ። የሰላማዊትም ሠራተኞች ተፈትነዋል፤ አንዱ አልፏል፣ ሌላው ይህን ስጽፍ ግቢዬ ውስጥ እያጠበ ነው። ባለፈው ዓመትም አዱኛ የልጅ ልጁን ሲድር ጎጃም ድረስ ጠርቶኝ ሄጄ ነበር። ሽበታሙ ሽማግሌ ከወጣቶቹ መሐል ገብቶ ሲዘል አየሁት። በሁለት እግሩ።