ፈንጂ የተባለው የኮምፒዩተር ሳጥን

ይህ የደረሰብኝ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው ነው። ብዙ ጊዜ አልፎታል፤ ግን ዛሬም ፍተሻ ላይ ቦርሳዬን ክፈቺ ስባል እጄን ያልበኛል። ልጆቼ "ምን ሆንሽ?" ይሉኛል። "ምንም" እላቸዋለሁ። ለማንም በደንብ አውርቼው አላውቅም።

ቢቸና አንድ የእርሻ ፕሮጀክት ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ለቢሮው የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ሲመጣ አዲስ አበባ ሁለት ወር ሠልጥኜ እኔ ተመደብኩበት። ማሽኑ ደህና ነበር። ከኋላው ያለው የኤሌክትሪክ ሳጥን ውስጥ ያለችው ማቀዝቀዣ ፋን ግን መጮህ ጀመረች። መጀመሪያ እንደ ንብ፣ በኋላ እንደ ወፍጮ ቤት። ኃላፊያችን አቶ ታምራት ከግድግዳው ማዶ ሆነው "ኧረ እባክሽ ያንን ነገር አጥፊልኝ!" ይላሉ። ባጠፋው ሥራ የለም። ፋኗ ጨርሳ ከቆመች ደግሞ ሳጥኑ ሊቃጠል እንደሚችል በሥልጠናው ነግረውናል።

ሞጣ ራዲዮ የሚጠግኑ አቶ ይርጋ የሚባሉ ሰው እንዳሉ ሰማሁ። ሳጥኑን ፈትቼ በፎጣ ጠቀለልኩና የኃላፊዬን ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። አቶ ይርጋ ከተጣለ የፎቶ ኮፒ ማሽን ያወጧት ፋን ነበረቻቸው። በመኪና ባትሪ አዙረው አሳዩኝ። ጆሮዬን አስጠግቼ እንኳ እምብዛም አልሰማኋትም። እሷን ገጠሙልኝ፤ አሮጌዋን ለንብረት ክፍል ልመልስ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። በማግስቱ ጠዋት ደስ ብሎኝ ወደ ቢቸና ተሳፈርኩ።

ጉንደ ወይን ልንደርስ ስንል ወታደሮች አውቶብሱን አስቆሙት። በዚያ ሰሞን ውጊያ እየቀረበ ነው ይባል ስለነበር ፍተሻው ጠንክሯል። ሁላችንም ወረድን። ተራዬ ሲደርስ አንድ ወጣት ወታደር ፎጣውን ገለጠ። የብረት ሳጥን፤ ከውስጡ የተንጠለጠለ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር ሽቦ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የኮምፒዩተር ዕቃ ነው።"

"የምን?"

"የኮምፒዩተር። እንደ ታይፕ ያለ የቢሮ ማሽን ነው።"

"ታይፕ ይሄ ሁሉ ሽቦ አለው?" አለና ወደ ኋላ እያፈገፈገ "ፈንጂ!" ብሎ ጮኸ።

ሰው ብትንትኑ ወጣ። አለቃቸው፣ አንድ ሃምሳ አለቃ፣ ጠመንጃውን ደግኖብኝ "እንዳትንቀሳቀሺ! እዚያው ቁጭ በይ!" አለኝ። ሳጥኑን እንደታቀፍኩ መንገዱ መሃል ተቀመጥኩ። ደብዳቤውን ላወጣ እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ "እጅሽን!" ብሎ አንባረቀብኝ።

ተሳፋሪው በሙሉ መንገዱ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ተኝቶ ያየኛል። አጠገቤ ተቀምጣ ዳቦ ያካፈለችኝ ሴትዮ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። የሚያሳፍር ነገር ልናገር፤ ፈንጂ እንዳልሆነ እያወቅኩ ሳጥኑን ራሴም ፈራሁት። አቶ ይርጋን ከዚያ በፊት አላውቃቸውም፤ ውስጡ ምን እንደከተቱበት ማን ያውቃል ብዬ ማሰብ ጀመርኩ።

"በእጅሽ ክፈቺው!" አለ ሃምሳ አለቃው ከሩቅ።

"መፍቻ የለኝም" ብዬ ባዶ እጄን አሳየሁ።

ያን ጊዜ ከቦዩ አንድ ሰው ተነሡ። ጥምጥም ያደረጉ መሪጌታ ናቸው። ከሞጣ ጀምሮ ከኋላዬ ተቀምጠው ነበር፤ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

"አባት፣ ይመለሱ!" አለ ሃምሳ አለቃው።

"ታዲያ በጥርሷ ትክፈተው? እኔ ብዕር የምቀርጽበት ሰንጢ አለኝ" አሉና ልብሳቸውን እያራገፉ ቀስ ብለው መጡ። አጠገቤ አፈሩ ላይ ቁጭ አሉ። "አይዞሽ ልጄ። ከየቱ ልጀምር?"

ብሎኖቹን በጣቴ አሳየኋቸው። አንድ በአንድ ፈቱ። ክዳኑ ሲነሣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ይቺስ ምንድን ናት?" ሲሉኝ ገለጥኩ።

"ፋን ናት። እፍ ይበሉባት።"

እፍ አሉባት፤ ያለ ድምፅ ተሽከረከረች። አሮጌዋን ከቦርሳዬ አውጥቼ እኔ እፍ አልኩባት፤ ክርር አለች። መሪጌታ ዞረው "ና ልጄ፣ እይ! ማራገቢያ ናት!" ብለው ተጣሩ። ሃምሳ አለቃው መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ደብዳቤዬንም ሁለት ጊዜ አነበበ። "ቀድመሽ አትናገሪም?" አለኝ። ተናግሬ ነበር።

መሪጌታ ሰንጢውን ሊያጥፉ ሲሉ ጣታቸው እየተንቀጠቀጠ እምቢ አላቸው።

"እርስዎም ፈርተው ነበር?" አልኳቸው።

"እንዴት አልፈራ! ብቻሽን ቁጭ ብለሽ ሳይሽ ግን መተኛቱ አላስችል አለኝ።"

ጉንደ ወይን ላይ ወረዱ። ጉልበታቸውን ስሜ ተሰናበትኳቸው፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

ቢቸና ገብቼ ሳጥኑን ቦታው መልሼ ማሽኑን ስከፍት፣ አቶ ታምራት ጸጥታው አስደንግጧቸው እየሮጡ መጡ። "ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?" አሉኝ። ስቄ ልመልስላቸው አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ።

ወታደሩን አልተቀየምኩትም፤ እሱም እኔን ፈርቶ ነበር። ቦዩ ውስጥ የተኙትንም አልተቀየምኩም። አሁን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። መንገዱ መሃል የተቀመጠችው ሌላ ሴት ብትሆንና እኔ ቦዩ ውስጥ ብሆን፣ እነሣ ነበር? እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። እስከ ዛሬ ደፍሬ "አዎ" ማለት አልቻልኩም።