ሰላምታ ያጨናነቀው መስመር

ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ቦሳ አዲስ

ጅማ በዚህ ሰዓት ገና ግማሽ እንቅልፍ ላይ ናት። ጭጋጉ ከወንዙ ተነስቶ እስከ አጥራችን ድረስ መጥቷል። ባጃጆች በውስጡ ሲያልፉ መጀመሪያ ድምፃቸው ይመጣል፣ ከዚያ መብራታቸው፣ መጨረሻ ላይ ራሳቸው። ላፕቶፔን፣ አንዲት ትንሽ የሬዲዮ መቀበያና ሁለት ዳቦ በቦርሳዬ ይዤ መናኸሪያ ደረስኩ። ረዳቱ "አጋሮ፣ አጋሮ፣ አንድ ሰው!" እያለ ይጣራል። አንድ ሰው ሲል ገና ግማሹ ወንበር ባዶ መሆኑን እዚህ የኖረ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቄ ገባሁ።

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ይቸግረኛል። በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ኔትወርክ አስተምራለሁ፣ ልቤ ያለው ግን መጠበቅ የሚባለው ነገር ላይ ነው። አንድ መልእክት ከተነሳበት እስኪደርስ ምን ያህል ይጠብቃል? የት? ከማን ኋላ ተሰልፎ? ሆሳዕና ያለችው እናቴ "አሁን ሥራሽ ምንድን ነው?" ስትለኝ "ወረፋ እለካለሁ" እላታለሁ። "ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?" ትለኛለች።

የዛሬው መንገድም የወረፋ ጉዳይ ነው። ጎማ ወረዳ ውስጥ፣ ከአጋሮ አለፍ ብሎ፣ አንድ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ አለ። ገበሬው ቀይ እሸቱን ለቅሞ በየኮረብታው ወዳሉት መሰብሰቢያዎች ያመጣል፤ እዚያ ይመዘናል፣ በጆንያ ይሞላል፣ መኪና መጥቶ ሸለቆ ውስጥ ወዳለው ጣቢያ ያወርደዋል። እሸቱ በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ ማሽን ውስጥ መግባት አለበት። ካደረ ጆንያው ውስጥ ይሞቃል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ስልክ በዚያ ሸለቆ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይጠፋል። ስለዚህ ባለፈው ክረምት በየመሰብሰቢያው አንዳንድ የሬዲዮ ሳጥን ሰቀልን። ሰብሳቢው የጭነት ቁልፉን ሲጫን ጣቢያው ያውቃል፣ መኪናውም ይነሳል። ኮምፒውተሬ ላይ ደጋግሜ ሞክሬው ነበር፣ አንድም ቀን አላሳፈረኝም።

ለቀማው ሲደርስ ግን ከሰዓት በኋላ የሚላኩ መልእክቶች መዘግየት ጀመሩ። ባለፈው ሳምንት የመጨረሻው ኮረብታ እሸት ጣቢያው የደረሰው ከጨለመ በኋላ ነው፤ ሞቆ፣ ሸትቶ። የጣቢያው ኃላፊ አባ ነስሩ ትናንት ደወሉልኝ። ዛሬም ከዘገየ ያንን መሰብሰቢያ እንደሚዘጉ፣ ሳጥኖቹንም አውርደው እንደሚመልሱልኝ በጣም በትህትና ነገሩኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ረፋድ፤ በየቡ በኩል ወደ አጋሮ

ከየቡ በኋላ መንገዱ በዛፍ ጥላ ውስጥ ይገባል። ከዛፎቹ ስር ቡና፣ ከቡናው ስር ሰው፣ ከሰው ወገብ ላይ ቅርጫት። በየደጁ የተሰጣ ጀንፈል፣ ከነገለባው የሚደርቅ ቡና፣ አለ፤ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ቀይ። ዶሮዎች ይረማመዱበታል፣ ሴቶች በእግራቸው ያገላብጡታል። መስኮቱ ላይ ተደግፌ ዓይኔ ክድን ክፍት ይላል። በእንቅልፌ መሃል ከጭጋጉ በላይ ትንንሽ መልእክቶች ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ሲሻገሩ አያለሁ፤ ክንፍ የላቸውም፣ ግን ይሄዳሉ፣ አንዳንዴም እየተጋጩ ይወድቃሉ።

ሾፌሩ በመስታወት አየኝና "ቲቸር፣ ታመሽ ነው?" አለኝ። እያሰብኩ ነው አልኩት። "ራኮ ሂንቀቡ፣ ችግር የለም፤ የሚያስቡ ሰዎች ከእኔ ጋር ብዙ ይሄዳሉ" አለና ሙዚቃውን ቀነሰልኝ። አጋሮ ስንደርስ ከተማው በቡና መኪና ተሞልቷል። አንድ ብርጭቆ ሻይ በቁሜ ጠጥቼ ወደ ጣቢያው የሚወርድ አይሱዙ ላይ ተሳፈርኩ።

እኩለ ቀን፤ ማጠቢያ ጣቢያው

ጣቢያውን ከማየቴ በፊት ሸተተኝ፤ እንደ ጠላ ጥንስስ ኮምጠጥ ያለ ሽታ። ከወንዙ ዳር መፈልፈያ ማሽኑ ያጓራል፣ ነጩ ቡና በቦይ ውስጥ ከውሃ ጋር ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ማድረቂያ አልጋዎቹ እስከ ዛፎቹ ድረስ ተዘርግተዋል። አባ ነስሩ በሽበታቸው ላይ ነጭ ኮፍያ አድርገው፣ ኩርሲ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤናዬ፣ ሆሳዕና ስላሉት ወላጆቼ ሁሉ ጠየቁኝ። ስለ ሳጥኖቹ የጠየቁኝ ከዚያ በኋላ ነው።

መቀበያዬን ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቼ በመስመሩ ላይ የሚያልፈውን ማዳመጥ ጀመርኩ። የጭነት መልእክቶቹ መሃል መሃል ላይ አሉ። የቀረው ግን ሰላምታ ነው። ሳጥኑ ከቁልፉ ሌላ፣ ያለ ኔትወርክ ከእሱ ጋር በተገናኘ የሰብሳቢው ስልክ የተጻፈ አጭር ቃልም ያስተላልፋል፤ ለብልሽት ጊዜ ብዬ የጨመርኩት ነው። ሰብሳቢዎቹ ለሌላ አውለውታል። አንዱ "አካም ኦልታኒ፣ እንዴት ዋላችሁ" ይላል፣ ሌሎቹ ሁሉ በየተራ ይመልሳሉ፣ እሱም ለእያንዳንዳቸው መልሶ ልጆቹን፣ ላሟን፣ ዝናቡን ይጠይቃል። ሳይጠያየቁ ጭነት ብቻ መላክ እዚህ አገር ነውር ነው። አባ ነስሩ ራሳቸው አሁን ያንኑ አድርገዋል፣ እኔ ላይ።

መስመሩ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ሁለት ሳጥን እኩል ከተናገረ የሁለቱም አይሰማም፤ ሁለቱም ትንሽ ዝም ብለው እንደገና ይሞክራሉ። ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ሥራው ሲገፋለት ሰላምታው ይበዛል፣ ግጭቱ ይበዛል፣ ጭነቱም ከኋላ ቆሞ ይቀራል። ኮምፒውተሬ ውስጥ የፈጠርኳቸው ሰብሳቢዎች ጭነት ብቻ ነበር የሚልኩት። ጎረቤት የላቸውም፣ ላም የላቸውም፣ እናት የላቸውም። እንደዚህ ዓይነት ሰው ጎማ ውስጥ ፈልጌ ባጣ ምን ይገርማል! ብቻዬን ሳቅኩ፣ ከሳቁ በታች ግን አፍሬያለሁ።

ሰላምታውን ይከልክሉልኝ አልኳቸው። አባ ነስሩ አገጫቸውን አሻሹ።

"ልጄ፣ ቡና አታምጡ ብላቸው ይሰሙኝ ይሆናል። እንዴት ዋልክ አትባባሉ ብላቸው ግን ማን ይሰማኛል?"

ስለዚህ ሌላ መንገድ ያዝኩ። ከጣቢያው ሆኜ ለሳጥኖቹ ሁሉ ትእዛዝ መላክ እችላለሁ። ጭነት ይለፍ፣ የተጻፈ ቃል ግን ጣቢያው እስኪለቀው ድረስ በየሳጥኑ ውስጥ ይቆይ አልኩ። የቀኑ የመጨረሻ እሸት ማሽን ሲገባ አባ ነስሩ አንድ ቁልፍ ይጫናሉ፣ ሰላምታው ሁሉ ይለቀቃል። ወዲያው መስመሩ ጸጥ አለ። የጭነት መልእክቶች አንድ በአንድ፣ ሳይገፋፉ መግባት ጀመሩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ጥሩ የተሠራ ወረፋ ሲንቀሳቀስ ማየት ለእኔ ወንዝ ዳር እንደመቀመጥ ነው። ለሰብሳቢዎቹ ግን አልነገርኳቸውም፤ መናገሪያውን መስመር የዘጋሁት እኔው ነኝ።

ከሰዓት በኋላ፤ የመጨረሻው ኮረብታ

ከድር የሚባል ባለሞተር አፈናጥጦኝ ወጣ። መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው፣ ከላይ ዛፎቹ ተጋጥመዋል፣ ብርሃኑ በቅጠል ተጣርቶ አረንጓዴ ሆኖ ይወርዳል። አንዳንድ ቦታ ሞተሩን አጥፍተን ስንገፋ የምንሰማው የዝንጀሮና የወፍ ድምፅ ብቻ ነበር። ይህ ኮረብታ ቢዘጋ ሰዎቹ እሸታቸውን ተሸክመው በዚህ ጭቃ መውረድ አለባቸው። ያለዚያ እቤት አድርቀው በረከሰ ዋጋ ይሸጣሉ።

የመሰብሰቢያው ሰብሳቢ ሀሊማ ትባላለች። ረዘም ያለች፣ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ሻሿን እስከ ግንባሯ አስራለች። ከሚዛኑ አጠገብ ቆማ ቅርጫት እየተቀበለች ያልቀላውን እሸት በጣቷ ትለቅማለች። ገበሬዎቹ ጥቂት ናቸው። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ብዙዎቹ እንደማያምኗት ከድር በጆሮዬ ነግሮኛል። ሌላም ነገር ነገረኝ። የሀሊማ እናት ሊሙ ገነት ከተማ ሞተው፣ ሦስቱን ቀን ተቀምጣ ዛሬ ጠዋት ነው የተመለሰችው።

"አላህ ይዘንላቸው፣ ያጽናሽ" አልኳት።

"አሚን" አለች፣ ቅርጫቱን ሳትለቅ።

በየመሃሉ ስልኳን ከኪሷ አውጥታ ታያለች፣ መልሳ ትከታለች። ጥቂት ቆይታ እንደገና ታያለች። መጀመሪያ ሰዓት የምታይ መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። ሌሎቹ ሰብሳቢዎች ለቀማውን ጥለው ሊሙ ገነት ድረስ ለቅሶ መድረስ አልቻሉም። የቀራቸው ሳጥኑ ብቻ ነው። እሷም ዛሬ መመለሷን ሁሉም ያውቃሉ፣ ሳጥኑ ግን ከእኩለ ቀን ጀምሮ ዝም ብሏል። ለቅሶ አስቀርቼባታለሁ።

ከጆንያዎቹ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ቃል የቆመው በእኔ ትእዛዝ መሆኑን፣ የስልክ ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ወጥቼ ለአባ ነስሩ ብደውል እንደሚለቀቅ፣ ከተለቀቀ ግን የእሷ ጭነት እንደገና ከወረፋው መሃል እንደሚገባ።

"መልእክቶች በየሳጥናቸው ውስጥ ለመኖራቸው እርግጠኛ ነሽ?"

"አላውቅም። የእነሱ ሳጥን ውስጥ ያለው ለእኔ አይታየኝም" አልኩ። እውነቱ ይኸው ነበር። ምናልባት ማንም ምንም አልጻፈ ይሆናል።

ሀሊማ ቆማ የቀሩትን ገበሬዎች አየች። አንድ ሽማግሌ ቅርጫታቸውን ደፍተው ጉንጫቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፣ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው።

"ማል ጎና፣ ምን እናድርግ" አለች ቀስ ብላ። "የሞተችው ሞታለች። የእነዚህ ሰዎች ልፋት ዛሬም ከተበላሸ ነገ ማንም ወደዚህ አይወጣም። ቡናው ይቅደም።"

የመጨረሻው ጆንያ ሲሰፋ የጭነት ቁልፉን ተጫነች። መቀበያዬ ላይ መልእክቷ ስትሄድ አየኋት፤ ብቻዋን፣ ማንም ሳይጋፋት፣ ባዶ ሰማይ ላይ። ወዲያው የጣቢያው መልስ መጣ፤ መኪናው ተነስቷል። ሽማግሌው ግን መኪናውን በዓይናቸው ሳያዩ ከቦታቸው አልነቃነቅ አሉ።

አመሻሽ፤ እዚያው

አይሱዙው ፀሐይ ገና ዛፎቹ ጫፍ ላይ ሳለች መጣ። ጆንያዎቹ ተጫኑ። ሽማግሌው እያንዳንዱን በመዳፋቸው ነክተው ሙቀቱን ካዩ በኋላ "ነገ ልጆቼንም አመጣለሁ" ብለው ለሀሊማ ነገሯት። እሷ አንገቷን ብቻ ነቀነቀች። መኪናው ወርዶ ድምፁ ከሸለቆው እስኪጠፋ ድረስ ቆመን ሰማነው።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ዕድሜዬን ሙሉ መጠበቅን ለክቻለሁ፣ እንዲህ ያለውን ግን አላውቀውም። ጭጋጉ ተመልሶ ከስር መውጣት ጀመረ። ከድር ሞተሩን አስነስቶ "ቲቸር፣ መሸ እኮ፤ ጭቃው" አለኝ። ትንሽ ታገሰኝ አልኩት።

የሀሊማ ስልክ ጮኸ። ከጣቢያው ነው፤ እሸቱ ማሽን ገብቷል፣ ነገም መኪናው በዚያው ሰዓት ይወጣል ይላል። ኮረብታው አልተዘጋም። አነበበችልኝ፣ ደስታም ድካምም ያለበት ድምፅ ነበር። ስልኩን ግን ኪሷ አልከተተችውም።

ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛው ተከተለ። ከዚያ መለየት አቃተን። በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በአረብኛ ዱዓ፣ ከየኮረብታው፣ ከእኩለ ቀን ጀምሮ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። አንዱን ጮክ ብላ አነበበችው፤ "እግሬን ቡናው ያዘው እንጂ ለቅሶሽ ለቅሶዬ ነው።" ሁለተኛውን ጀምራ አልጨረሰችውም። ባዶው ሚዛን ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

ይህን ያህል ሰዓት ስላስጠበቅኳት ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት በእጇ ከለከለችኝ።

"በቀን ቢመጣስ፣ ቡና እየመዘንኩ እንዴት አነበው ነበር?" አለችኝ። "ሦስቱንም ቀን እንግዳ ሳስተናግድ ነበር፤ እናቴ ከሞተች እጄ ሥራ ሲፈታ ገና አሁን ነው።"

ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ አለቀሰች። ስልኩ ጭኗ ላይ እየጮኸ ነው። ከድር ሞተሩን አጠፋና ወርዶ አጠገቧ ተቀመጠ፣ እኔም በሌላው በኩል ተቀመጥኩ።